የላባ ጆሮዋ ቁርስ

በላች። ቅዳሜ ዕለት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ፣ ፒያሳ አንድ ሕንፃ ውስጥ ደረጃ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ከእጄ በላች። ወዲያው እማዬ ጋ ደወልኩ።

«እማ፣ በላች።»

«ማን ናት የበላችው?»

«ላባ ጆሮዋ።»

ከወዲያ ሱቋ ውስጥ አንዲት ደንበኛ ስለ ዚፕ ቀለም ስትጠይቅ ይሰማኛል። «የግድግዳውን ሰዓትስ ሠሩልሽ?» አለችኝ እማዬ።

ሠርተውታል። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ስለ ግድግዳ ሰዓት ማውራት አልቻልኩም። ሳምንቱን ሙሉ አንጀቴ ሲያርር ከርሞ ገና መብረዱ ነበር። አሁንም ሳስበው ደስታዬና ንዴቴ እየተጋፉ ነው የሚመጡት፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ነገሩ የእጅ ጌም ነው። በሁለት እጅ የሚያዝ፣ መሐሉ ስክሪን፣ ግራና ቀኙ በጣት የሚነካ መጫኛ ያለው። የእህቴ የመሥሪያ ቤት ጓደኛ ልጆቿ ስላደጉ «ለትንሿ እህትሽ» ብላ ሰጠቻት፤ እህቴ ደግሞ ከአምስት ኪሎ በታክሲ ይዛው መጥታ እማዬ ሱቅ ባንኮኒ ላይ አስቀመጠችልኝ። እማዬ ክር፣ ዚፕ፣ ላስቲክና የልብስ ቁልፍ ነው የምትሸጠው። ቅዳሜ ቅዳሜ አግዛታለሁ።

ውስጡ ያለው ጌም አንድ ብቻ ነበር። መግደል የሚባል ነገር የለበትም። የአንድ ሸለቆ ጠባቂ ትሆኚያለሽ፤ ሸለቆው ውስጥ በዓለም ላይ የሌሉ አውሬዎች ይኖራሉ፤ ሥራሽ እነሱን ቀስ ብሎ መላመድና ከአዳኝ ወጥመድ መጠበቅ ነው። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ ገና ስከፍተው ቀንና ሰዓት ጠየቀኝ። ቀና ብዬ የሱቃችንን የግድግዳ ሰዓት አየሁ፤ አራት ይላል። አራት ብዬ ሞላሁ። ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት ሲለኝ ጠዋት አልኩት። ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱንም ከተሰቀለው ካላንደር ላይ ትልልቁን ቁጥር እያየሁ ሞላሁ። እንዲህ ባለ ነገር ማን ይጠራጠራል።

በማግስቱ፣ እሁድ ከሰዓት፣ ላባ ጆሮዋን አገኘኋት። የድመት ግልገል ታክላለች፤ ጆሮዎቿ ጠርዝ ላይ አመድማ ላባ አላት። የኋላ እግሯ በሽቦ ወጥመድ ተይዟል። ሽቦውን ለመፍታት መጫኛውን ይዞ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት ያስፈልጋል። ሦስቴ ነከሰችኝ፣ በአራተኛው ፈታኋት። እያነከሰች ተከተለችኝና ጎጆዬ አጠገብ ጉድጓድ ውስጥ ገባች። ከዚያ በእንግሊዝኛ አንድ ጽሑፍ ወጣ። ሁለቴ አነበብኩት። ላባ ጆሮ የሚበላው ጎሕ ሲቀድ ብቻ ነው። በየንጋቱ ከእጅሽ ከበላች ታምንሻለች። ንጋት ባመለጠሽ ቁጥር ስክሪኑ ጥግ ላይ ካሉት ሰባት ቅጠሎቿ አንዱ ይረግፋል። ሰባቱም ካለቁ ወደ ጫካዋ ትሄዳለች፤ ተመልሳ አትመጣም።

ቀላል ነው አልኩ። በጠዋት መነሣት ነው።

ሰኞ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣሁ። በመስኮት ስመለከት ሰማዩ ሊነጋ ቀላ ብሏል። ሸለቆው ውስጥ ግን ዓይን ቢወጉ አይታይም። ቀይ ፍሬ በእጄ ይዤ ጉድጓዷ ደጃፍ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ሆነ፣ ጨለማ ነው። አንድ ተኩል ሆነ፣ ጨለማ ነው። ዩኒፎርሜን ለብሼ ወጣሁ። ከትምህርት ቤት ተመልሼ አሥር ሰዓት ላይ ስከፍተው ፀሐይ ወጥታለች፣ ወፎች ይንጫጫሉ፣ ላባ ጆሮዋ ጥቅልል ብላ ተኝታለች። አንድ ቅጠል ረግፏል። የጎጆዬ በር ላይ ትንንሽ ዱካዎች አሉ፤ ከበላያቸው እንዲህ የሚል ጽሑፍ፦ «ጠዋት ስትፈልግሽ ነበር። አልነበርሽም።»

አልነበርሽም። ያውም እኔን። እግሬ እስኪደነዝዝ በሯ ላይ የተቀመጥኩትን።

ማክሰኞ በአሥራ አንድ ተኩል ተነሣሁ። ያው ጨለማ። አሥር ሰዓት ላይ ያው ዱካ፣ ያው «አልነበርሽም»። ሰው ሐሰት ሲነገርበት ቢያንስ የሚከራከረው ሰው አለው፤ እኔ ከማን ጋር ልከራከር። ረቡዕ ማታ፣ ራት ላይ፣ እህቴ ሙድ ያዘችብኝ።

«ዛሬስ አገኘሻት?»

«ተኝታለች።»

«የኛ ቢሮ ኃላፊ ናት በያታ። ጠዋት ስትሄጂ አልገባም፣ ከሰዓት ስትሄጂ ወጥቷል።»

«ሰው በግ ይቀልባል» አለች እማዬ ወጡን እየጨመረችልኝ፤ «ይቺ ልጅ እንቅልፏን ትቀልባለች። ዓይንሽን አይተሽዋል?»

አይቼዋለሁ። ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ደብተሬ ላይ ደፋ ብዬ ተኝቼ አስተማሪው ጠመኔ ወርውሮብኝ ነበር፤ ያንን አልነገርኳቸውም።

ሐሙስ የባሰ ነገር ሠራሁ። አሥር ሰዓት ላይ ተኝታ ሳገኛት ትዕግሥቴ አለቀና በእጄ ነቀነቅኳት። ብድግ ብላ ላባዋን አቁማ ጮኸችብኝ፤ ሌላ ቅጠል ረገፈ። በአንድ ቀን ሁለት። ለማዳን ብዬ እኔው አራገፍኩት። ጌሙን ትራስ ሥር ወርውሬ አለቀስኩ። ስታለቅሺ ደግሞ ለምን እንደምታለቅሺ ማስረዳት አለብሽ፤ «ስክሪን ውስጥ ያለች እንስሳ አስቀይሜ ነው» ብለሽ ለማን ታስረጃለሽ። ሌላ አውሬ እኮ ሸለቆው ውስጥ ሞልቷል። ግን ሦስቴ ነክሳኝ በአራተኛው የፈታኋት እሷን ነው።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወርጄ ሞባይል የሚጠግን ወጣት ጋ ወሰድኩት። አገላብጦ አየውና፣

«ሶፍትዌሩ ዞሮበታል» አለ። «ፎርማት እናድርገው።»

«ፎርማት ሲደረግ ውስጡ ያለው ይጠፋል?»

«እንደ አዲስ ትጀምሪያለሻ። ምን ችግር አለው?»

«ውስጡ ያለችውስ?»

«ማን?»

ሁሉም ሰው «ማን?» ነው የሚለኝ። ተቀብዬው ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ስድስተኛው ቅጠል ረግፎ ጠበቀኝ። አንድ ቀረ።

ቅዳሜ ጠዋት የሱቃችን የግድግዳ ሰዓት ቆሞ ተገኘ። እማዬ በፌስታል ጠቅልላ፣ «ለጋሼ ሰዓት ሠሪው አድርሺልኝ፤ እስኪሠሩት እዚያው ጠብቂ» አለችኝ። እኚህ ሽማግሌ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ በረንዳ ላይ ባለች ትንሽ መስታወት ቤት ውስጥ ነበር የሚሠሩት። የሱቆቹ ረድፍ በሙሉ ከፈረሰ ወዲህ ግን የት እንደገቡ እማዬም በወሬ ነው የምታውቀው። ፀሐዩ አናቴን እየበሳው አራት ሰው ጠየቅኩ። ሁለቱ «ትተውታል» አሉኝ፣ አንዱ «አገር ቤት ገብተዋል» አለኝ። አራተኛዋ፣ ጀበናና ስኒ የምትሸጥ ሴት፣ ሕንፃውን በአገጯ አሳየችኝ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ደረጃው ሥር፣ አንድ ዓይናቸው ላይ አጉሊ መነጽር ሰክተው ተቀምጠዋል።

«መጀመሪያ የድሮው ቦታ ሄደሽ ነበር?» አሉኝ ፌስታሉን ሲቀበሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ሁሉም እዚያ ነው የሚሄደው። ባዶው ቦታ ላይ ይቆምና፣ እሳቸውማ የሉም ብሎ ይመለሳል። እኔ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እዚሁ ነኝ።»

በርጩማ ሰጡኝ። እሳቸው ሰዓቱን ሲፈቱ እኔ ጌሙን አውጥቼ ጨለማው ላይ አፈጠጥኩ። አምስት ሰዓት አልፏል። ለመጨረሻ ጊዜ ልያት ብዬ ነበር እንጂ ተስፋ የለኝም። ሰዓት ሠሪው ሥራቸውን ጨርሰው፣ ጀርባውን ገጥመው፣ ለደንበኛ ሁሉ የሚጠይቁትን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«በእኛ ልሙላው በፈረንጅ?»

«በእኛ ነው ጋሼ» አልኩ ቀና ሳልል። «የእኛ ቤት ሁሉም በእኛ...»

እዚያው ላይ ከጌሙ ቀና አልኩ።

ጌሙን የሠራው ፈረንጅ ነው። ለእሱ የጠዋቱ አራት ሰዓት ሌሊት ነው፤ ጎሕ ገና አልቀደደም። እኔ ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ ላባ ጆሮዋን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ አስቀርቻት ነበር። በአሥራ ሁለት ሰዓት ስነሣላት ለእሷ እኩለ ሌሊት ነው። ለእሷ የሚነጋው እኔ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የምሳ ደወል ስጠብቅ ነው። ያን ጊዜ ትነሣለች፣ በሬ ድረስ ትመጣለች፣ ዞር ዞር ትላለች። አልነበርኩም። ጽሑፉ አልዋሸም።

ለጋሼ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ሳይስቁ ሰሙኝ። «ታዲያ አስተካክያታ» አሉ። የሰዓቱን ገጽ ከፈትኩ፤ አውራ ጣቴ መጫኛው ላይ ነው።

«ምን ይላል ጽሑፉ?» አሉኝ በአጉሊ መነጽራቸው እያዩ።

«ሰዓት ከተቀየረ እንስሳቱ ይደነግጣሉ፤ ከእያንዳንዳቸው አንድ ቅጠል ይረግፋል ነው የሚለው።»

«ለዚያችኛዋስ ስንት ቀራት አልሽኝ?»

«አንድ።»

መፍቻቸውን አስቀመጡ። «እንግዲያ አትንኪያት። ሰዓት ሲሳሳት መጀመሪያ እጅ ይሰበሰባል። ስድስት ሰዓት ለመሆን ምን ያህል ቀረው?»

«ሃያ አምስት ደቂቃ።»

«ቁጭ በያ።»

ቁጭ አልን። ረጅም ሃያ አምስት ደቂቃ ነበር። ሰው ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ አቧራው እላያችን ላይ ይወርዳል። አንድ ጊዜ «ነጋ?» አሉኝ፤ «ገና ነው ጋሼ» አልኩ። ሌላ ጊዜ «ዓመተ ምሕረቱንስ በማን ሞላሽው?» አሉ። እሱንም በእኛ እንደሞላሁት ስነግራቸው ሣቃቸው መጣ። «ስምንት ዓመት መልሰሻታላ። ይቺማ እኔ በረንዳዬ ላይ ሳለሁ ነው የምትኖረው።»

ስድስት ሰዓት ሲሆን የሸለቆው ጫፍ ግራጫ ሆነ። ከታች ከመስጊዱ የቀትር አዛን ሲጀምር ጉድጓዷ ደጃፍ ላይ ብርሃን ደረሰ። በመጀመሪያ ላባው ብቅ አለ። ቀጥሎ አፍንጫዋ። ፍሬውን ዘርግቼ መጫኛውን ይዤ ትንፋሼን ዋጥኩ። ሦስት እርምጃ መጥታ ቆመች፤ ሐሙስ የነቀነቅኳትን አልረሳችም። ጋሼም መተንፈስ አቁመዋል። ከዚያ አንገቷን ሰገግ አድርጋ አንዷን ፍሬ አነሣች። አኘከች። ሁለተኛዋን አነሣች። አንድ አዲስ ቅጠል በቀለ።

«በላች?» አሉኝ።

«በላች።»

«ጎሽ» አሉና የግድግዳ ሰዓታችንን ሞሉት። በእኛ።

እሁድም በስድስት ሰዓት በላችና ሦስት ቅጠል ሆነላት። ያኔ ሰዓቱን ቀየርኩት፤ አንድ ረገፈባት፣ ቻለችው። አሁን በአሥራ ሁለት ሰዓት ከእኔ እኩል ይነጋላታል። ዓመቷን ግን አልነካሁም፤ ባስተካክለው ስምንት ዓመት ያልመጣሁ ይመስላታል። እዚያው ትቆይ፤ እዚያ የጋሼ መስታወት ቤት አልፈረሰም።

ያን ቅዳሜ ስሰናበታቸው፣ «ጓደኞች አሉሽ አይደል?» አሉኝ። «አለሁ በያቸው። የሉም ለሚል ሁሉ አለሁ በይልኝ። ሰዓት ባይኖራቸውም ይምጡ፤ በርጩማ አለ።»

እኔ ደግሞ ለእናንተ እላለሁ። ጋሼ አሉ። ከፒያሳ ወደ ድልድዩ ሳትወርዱ ጀበናና ስኒ የምትሸጠዋን ሴት ጠይቋት፤ በአገጯ ታሳያችኋለች። ሁለተኛ ፎቅ ደረጃው ሥር ነው። የቆመ ሰዓት ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ባዶ እጁን ይምጣ። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ አሉ፤ በእኛ ሰዓት።