ከቆብ ላይ የለካሁት ዘውድ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የነበርነው እነዚህ ነን። የሙዚየሙ ኃላፊ ወይዘሮ ሙሉ፣ ካባ ሰፊው ጋሻው፣ ጥበቃው አያ ቢያድግ፣ እኔ ትርንጎ፣ ጀርባዬ ላይ የተኛችው ልጄ ሕይወት፣ ደግሞም ባርኔጣ የሚወጠርበት የእንጨት ራስ። የእንጨቱን ራስ የምቆጥረው ጎንበስ ብዬ እጅ ስለነሳሁት ነው። ክፍሉ ጨለም ያለ ነበር። ጋሻው እስከ ዛሬ ይህን እያነሳ ይስቅብኛል።

ከዚያ በፊት አራዳ፣ ገበያው ዳር ተቀምጬ የሕፃናት ኮፍያ በኪሮሽ እሠራ ነበር። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሙዚየሙ በዓመት አንድ ቀን የጥንት አለባበስ በዓል ያደርጋል። የከተማው ሰው መኳንንትና ወይዛዝርት ሆኖ ለብሶ በግቢው ይዞራል፣ ተማሪዎችም መጥተው ያያሉ። ወይዘሮ ሙሉ በሙከራ ለሦስት ወር ያዙኝ። «የንጉሡ ዘውድ ካማረ ትቀጠሪያለሽ። ካላማረ ግን በሰላም እንሰነባበታለን» አሉኝ። 

ሜትር ላይ ያሉት ትንንሽ ቁጥሮች ያምታቱኛል። ስለዚህ ራስ የምለካው በሲባጎ ነው። ከቅንድብ በላይ አዙሬ፣ በተገናኘበት ቦታ ቋጥሬ፣ የሰውየውን ስም በወረቀት ጽፌ ሚስማር ላይ እሰቅለዋለሁ። አንዱን ራስ ሦስት ጊዜ እለካለሁ። ሲባጎው ረጥቦ እንዳይሳብብኝ በመስኮት ደመናውን አያለሁ። ጋሻው «የለካሽው ራስ ነው፣ እስከ ነገ አይሸሽም» ይለኛል።

ንጉሥ የሚሆን ሰው ጠፍቶ ሳለ፣ አንድ ቀን ወይዘሮ ሙሉ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ሽማግሌ ከገበያ ይዘው መጡ። አያ ታረቀኝ ይባላሉ። ከደባርቅ ወዲያ ካለ ደጋ መንደር ዓይናቸውን ሊታከሙ የመጡ ገበሬ ናቸው። ንጉሥ ይሆናሉ ቢባሉ «ስንት ቀን?» ብለው ጠየቁ። አንድ ቀን ነው ሲባሉ «እሱስ ሸጋ፣ ከብቶቹን ጎረቤት ያይልኛል» አሉ።

ጭንቁ የመጣው ልለካቸው ስነሳ ነው። ራሳቸው ላይ እንደ ቂጣ የወፈረ የሱፍ ቆብ አለ። እኔ ባደግሁበት ቤት አባት የሚሆን ሰው ቆብህን አውልቅ አይባልም። ወደ ጋሻው ዞሬ በሹክሹክታ ንገራቸው አልኩት።

«ምነው፣ አንቺ አትነግሪያቸውም?»

«አንተ ወንድ ነህ።»

«እኔ የካባ ነኝ። ከአንገት በላይ ያንቺ ነው።»

ስለዚህ ከቆቡ ላይ ለካሁ። ሦስት ጊዜ፣ በጣም በጥንቃቄ።

ዘውዱን በወፍራም ካርቶን ሠርቼ፣ ከፋይ አልብሼ፣ በወርቃማ ጥለት ከበብኩት። ጫፉ ላይ የመስታወት ዶቃ ሰፋሁ። ገበሩን በኮላ ለጠፍኩ። የበዓሉ ዕለት ጠዋት ግን ገበሩ ቢላቀቅስ የሚል ሐሳብ መጣብኝና ለማንኛውም ብዬ ሌላ ኮላ ደገምኩበት።

አያ ታረቀኝ ካባቸውን ለብሰው ከዙፋኑ ፊት ቆሙ። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ዘውዱን ሳቀርብላቸው ለክብሩ ብለው ቆባቸውን አወለቁ። እኔም ደፋሁላቸው። ዘውዱ ቅንድባቸውን አለፈ፣ ዓይናቸውን አለፈ፣ አፍንጫቸው ላይ ሄዶ ቆመ።  ከዘውዱ ውስጥ ረጋ ያለ ድምፅ መጣ።

«ልጄ፣ መሸ እንዴ?»

ተማሪዎቹ መሬት ላይ እየወደቁ ሳቁ። የወይዘሮ ሙሉን ፊት ላለማየት ጎንበስ አልኩ። ቆቡን ከእጃቸው ተቀብዬ መልሼ አጠለቅሁላቸውና ዘውዱን በላዩ ደፋሁት። ልክክ አለ። እንዳይወርድ ብዬ ደግሞ በሁለት እጄ ጫን አደረግሁት።

አያ ታረቀኝ ዙፋኑ ላይ ዝም ብለው እንዲቀመጡ ተነግሯቸው ነበር። እሳቸው ግን የሚያልፈውን መኳንንት ሁሉ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠይቁ ጀመር። ደጃዝማች የሆነውን የባንክ ሠራተኛ ቀጥ ብለህ ቁም አሉት። ቆመ።

በዓሉ ሲያልቅ ዘውዱ ከቆቡ አልለቅ አለ። የጠዋቱ ኮላ ሱፉን ይዞት ኖሯል። እኔ ከላይ ስስብ፣ ጋሻው ከታች ሲይዝ፣ ሁለቱ አንድ ሆነው ወለቁ። ጋሻው መቀስ አመጣ። አያ ታረቀኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«ይህን ቆብ የሟች ባለቤቴ ናት የሠራችው። መቀስ አይነካውም። ያለሱም እዚያ ብርድ አልገባም።»

ቆቡን ገልብጬ ውስጡን አየሁ። አንድም የተሳሳተ ዙር የለበትም። የኔ እጅ እንደዚያ አይሠራም። ዘውዱን ልቀድ ብል ደግሞ የሦስት ወር ሥራዬና እንጀራዬ ነው።

«ይዘውት ይሂዱ» አልኩ።

ወይዘሮ ሙሉ ሽማግሌው እየሰሙ ወደ እኔ ዞሩ። «ዘውዱ ሰኞ እዚህ ከሌለ አንቺም የለሽም» አሉኝ።

እንዲህ ሆኖ ንጉሡ ዘውድ እንደደፉ በደባርቅ ሚኒባስ ገቡ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ እስከ ቤታቸው አንገታቸውን ሰብረው ሄዱ። እኔ ቅዳሜንና እሑድን ሰማዩን ሳይ ዋልኩ። ዝናብ ካርቶን አይወድም።

ሰኞ ጠዋት አያ ቢያድግ እየሮጠ መጣ። «ንጉሡ በር ላይ ናቸው» አለ። አያ ታረቀኝ ዘውዱ ላይ ጭድ ተሰክቶበት፣ በብብታቸው አንድ ዶሮ ይዘው ቆመዋል። መንገድ ላይ ወንበር ያልለቀቀላቸው ሰው እንዳልነበረ ነገሩን። ዶሮዋን ያመጡት ለኔ ነው። ወይዘሮ ሙሉ ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁና «በይ፣ ሌላ የእንጨት ራስ ይገዛልሻል» አሉኝ። መቀጠሬን ያወቅሁት በዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ በወይዘሮ ሙሉ ፈቃድ ዘውዱ የሚቀመጠው እሳቸው ቤት ነው። በየዓመቱ ለበዓሉ ራሳቸው ላይ አድርገው ይመጣሉ። ሕይወት ዛሬ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ስማቸው ሲነሳ ንጉሡ እያለች ነው የምትጠራቸው።

በዚህ ሥራ የተማርኩት ይህ ነው። ራስ የሚለካው ቆብ ወልቆ ነው። ትልቅ ሰውም ቢሆን በአክብሮት ይጠየቃል። የደረቀ ኮላ ላይ ለማንኛውም ተብሎ አይጨመርም።

ዘንድሮ ግን አያ ታረቀኝ አልመጡም። ስልክ የላቸውም፣ መንገዱም እንደልብ አይደለም። ዙፋኑን ባዶውን አዋልነው። ሲባጎአቸው ሚስማሩ ላይ አለ። በደባርቅና በዛሪማ መንገድ የምትመላለሱ፣ የሱፍ ቆባቸው ላይ ዘውድ የተጣበቀባቸውን ሽማግሌ ያየ ወይም የሰማ ካለ፣ ደህና መሆናቸውን ብቻ ንገሩኝ።