በሁለት እጅ የተቀበልነው ሙገሳ

ለንደን፣ ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር፣ ከአንድ የቤንጋሎች ሱቅ በር ላይ የሰናፍጭ ዘይት ሽታ ሲቀበለኝ፣ ጥርሴን ነክሼ የያዝኩት ንዴት ገነፈለ። ልጄ ከትምህርት ቤት የተሸለመችውን መጽሐፍ አቅፋ ከጎኔ ትሄዳለች።

ሽታው የአንክል ቤት ሽታ ነው። አንክል የምንላቸው፣ ልጅ ሳለሁ ስቶክዌል በሚባለው የለንደን ሰፈር ከእኛ በላይ ባለው አፓርታማ ይኖሩ የነበሩ የቤንጋል ሽማግሌ ናቸው፤ የቤት ሥራ ያሠሩን ነበር። አንድ ቀን በእንግሊዝኛ ድርሰት ተሸልሜ እየሮጥኩ ሄድኩላቸው።

«ምን አሉሽ?»

«ለስደተኛ ልጅ በጣም ጎበዝ ነሽ አሉኝ።»

«አንቺስ?»

«እናቴ እንዳስተማረችኝ በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ።»

ዘይቱን መጥበሻው ላይ እየጨሰ ረሱት።

«እንግሊዞች ህንድን ሲገዙ፣ በአገሬ በቤንጋል በእነሱ ቋንቋ ግጥም የሚገጥም ሰው ነበር» አሉ። «የራሱን ጋዜጣም ያዘጋጅ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ጻፈ። እነሱ ‹ለህንዳዊ ጎበዝ ነው› ብለው አለፉት። ቢሰድቡት መልስ ነበረው። እንዲህ ያለ ሙገሳ ግን ምን ተብሎ ይመለሳል?»

እኔ ምን አውቄ!

ዛሬ የልጄ መምህርት፣ እዚሁ ለንደን ተወልዳ በእንግሊዝኛ አፏን የፈታችውን ልጅ፣ በወላጆች ሁሉ ፊት «ከኢትዮጵያ ቤተሰብ መጥታ በእንግሊዝኛ እንዲህ መጻፏ ይገርማል!» አለቻት። አዳራሹ አጨበጨበ። ደሜ ፈልቶ ልናገር ስነሳ ልጄ ቀደመችኝ።

እኔው እንዳስተማርኳት ሁለት እጇን ዘረጋችና ጎንበስ አለች።