አጎቴ መስኮት ያወጡለት ፉርጎ

በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ባቡር ላይ የሠሩት አጎቴ፣ በሰው አገር፣ ሜልተን በምትባል ከተማ ጡረታ ላይ ሳሉ ትንንሽ የባቡር ሞዴል ይገጣጥሙ ነበር። ካርቶኑን እንደከፈቱ መመሪያውን ወዲያ ብለው፣ «እኔ የማውቀውን ባቡር ይሄ ወረቀት አያውቀውም» ይላሉ።

አንድ ጊዜ የጭነት ፉርጎ ጎን ቆርጠው መስኮት አወጡለትና የድሬዳዋ መንገደኛ ፉርጎ አደረጉት። በሞዴል ባቡር ክለባቸው ዓመታዊ ኤግዚቢሽን ላይ ግን ሁለቴ ከሐዲዱ ወጣባቸው።

«ጋሼ፣ ክብደት አንሶት ነው መሰለኝ» አልኳቸው።

ሁለት ብሎን ሆዱ ውስጥ አጣብቀው ለቀቁት። ኩርባውን ዞረ!

«ልጄ፣ ሄደ! እየው፣ ሄደ!» እያሉ የማያውቁትን ሰው ሁሉ አቀፉ።

በዘንድሮው ኤግዚቢሽን እሳቸው በሕይወት የሉም። ባቡራቸውን የሚነዱበት ተራ ሲደርስ የክለቡ ሰዎች ባቡሮቹን ሁሉ አቁመው ለመታሰቢያቸው ሐዲዱን ባዶ ተዉላቸው። አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ እኔም እያለቀስኩ ከሁሉም በላይ አጨበጨብኩ።