የሚኒባሱ ብድር ቀኑ ሲደርስ

ገንዘብ አበዳሪ እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ሃይፋ ወደብ አካባቢ እሠራበት የነበረው ፋብሪካ ሲያሰናብተኝ ፒጹይም፣ የስንብት ክፍያ ማለት ነው፣ ሰጠኝ። ባንክ ቢቀመጥ የሚወልድ ነገር የለውም። ልጄ ስልኬ ላይ የማበደሪያ ፕሮግራም ጫነልኝ። ብዙ ሰዎች ጥቂት ጥቂት አዋጥተው ለአንድ ተበዳሪ ይሰጣሉ። ማን እንደሆነ አይነገራቸውም፤ የሚያዩት ያስያዘውን ንብረት ፎቶ ብቻ ነው። ወለዱ በየወሩ ይገባል፤ ዋናው ዓመቱ ሲያልቅ ባንድ ጊዜ ይመለሳል። እኔ ፎቶውን እንኳ ልብ ብዬ ሳላይ «ቤሰደር»፣ በዕብራይስጥ እሺ ማለት ነው፣ ብዬ ተጫንኩት።

ዓመቱ አለቀ፤ ዋናው አልመጣም። በምትኩ መልእክት ደረሰኝና ልጄ አነበበልኝ። ተበዳሪው በቀኑ መክፈል ስላልቻለ አበዳሪዎች በድምፅ ይወስኑ፤ ወይ ሦስት ወር ይጨመርለት፣ ወይ መያዣው ይሸጥ ይላል። ከሥሩ ፎቶው አለ። ነጭ ሚኒባስ ነው፤ ታርጋው ተሸፍኗል። የተሰበረው የኋላ መብራት ግን በቢጫ ፕላስተር ተጠቅልሏል። ያን ፕላስተር ከሥራ ቦታ አምጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

በየጧቱ ከሰፈራችን ከኔቬ ዮሴፍ አሳፍሮ አሁን ወደማጸዳበት መሥሪያ ቤት የሚያደርሰን መኪና ነበር። ሹፌሩ ክርያት ያም የሚኖሩ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ያለዚያች ሚኒባስ ሌላ እንጀራ የላቸውም።

«ነገ እነግራቸዋለሁ» አልኩት ልጄን።

«ሎ፣ አይሆንም፣ ኢማ! ስም የሚደበቀው በምክንያት ነው'ኮ። ድምፅሽን ስጪና ተይው።»

ልጅ ምን ያውቃል? እኛ አገር ዋስ ሳይቆም፣ ሰው መሀል ሳይገባ ማን ያበድራል? «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» አልኩትና ጊዜ ይጨመር የሚለውን ተጫንኩ።

በማግስቱ ሌሎቹ እስኪወርዱ ቆየሁ።

«ጋሼ፣ መኪናዎን አስይዘው የተበደሩት ገንዘብ ውስጥ የእኔም አለበት።»

ሞተሩን አጠፉ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ፎቶውን አይቼ ነው። አይጨነቁ፣ እኔ ጊዜ ይጨመር ብያለሁ። ሌሎቹ እንቢ ካሉም ሽማግሌ ይዘን ኩባንያው ድረስ እንሄዳለን።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ቀጥለውም «ሂጂ፣ ሥራ ይረፍድብሻል» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ወረድኩ፤ ሸክም ያቀለልኩላቸው መስሎኝ ነበር።

ድምፁ ተቆጠረ። ከማያውቋቸው ሰዎች የሚበዙት ጊዜ ይጨመር ስላሉ ሦስት ወር ተሰጣቸው። «አየህ፣ ሰው ደግ ነው» ብዬ ልጄ ላይ ኮራሁበት። በሳምንቱ ግን ሌላ መልእክት መጣ፤ ዋናው ከነወለዱ ተከፍሏል፣ ብድሩ ተዘግቷል። የሥራ ሳምንቱ በሚጀምርበት በእሑድ ጧት ሊወስደን የመጣውም ሌላ መኪና፣ ሌላ ሹፌር ነበር። አጠገቤ የምትቀመጠው ሴትዮ ነገረችኝ፤ ጋሼ ሚኒባሷን በርካሽ ሸጠው የፋብሪካ በር ጥበቃ ገብተዋል። ተናደድኩ። ጊዜ እየተሰጠው እንጀራውን የሚሸጥ ሰው ምን ይባላል?

ወር ሳይሞላ ወደቡ አጠገብ አውቶቡስ ስጠብቅ አገኘኋቸው። የጥበቃ ሸሚዝ ለብሰዋል። ቀድመውኝ ሰላም አሉኝ፤ የልጆቼን ደኅንነትም እንደ ድሮው ጠየቁ።

«ገንዘብሽ ደረሰሽ?»

«ደረሰኝ። ግን ምን አስቸኮለዎ፣ ጋሼ? ሦስት ወር ተሰጥቶዎት አልነበረም እንዴ?»

«ከነሱማ ሦስት ወር ብቀበል ምንም አይመስለኝ። አላውቃቸው፣ አያውቁኝ። ለዚህ ብዬ አይደል ከነሱ የተበደርኩ?» አሉና የሸሚዛቸውን ኮሌታ አስተካከሉ። «በየጧቱ በመስታወቱ አንቺን እያየሁ ግን ሦስት ቀንም መንዳት አቃተኝ።»