በጸበሉ ቦታ የተጠራው ስም

በእውቀቱ ባጃጁን የሚያቆመው ምንጊዜም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ተሳላሚዎችን ያወርዳል፣ ይጠብቃል፣ መልሶ ያሳፍራል፤ ራሱ ግን አይወርድም። ላሊበላ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተደብቆ አይቀርም። እዚህ ሰው ለመሳለም ወደ ዓለቱ ሆድ ይወርዳል፤ አንዳንድ ቦታም ግድግዳውን እየዳበሰ ጨለማ ያልፋል። አንድ ቀን ከደጅ ተሳልሞ የተመለሰን ሰው ማንም አይጠይቀውም። ሁልጊዜ ከደጅ የሚመለስን ግን ሰፈሩ፣ "የማያስገባው ነገር አለ" ይለዋል።

ነገሩ የጀመረው ደላንታ ነው። በእውቀቱ የደላንታዋ የወገል ጤና ልጅ ነው፤ ባጃጅ ከመንዳቱ በፊት ከጓደኛው ከአብዱልሀሚድ ጋር ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ይቆፍር ነበር። ገደሉ ወገብ ላይ አግድም ወደ ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ በሆዳቸው እየተሳቡ ይገባሉ፤ አንዱ ሲቆፍር ሌላው አፈር ያወጣል። የግንባር ባትሪያቸው አንድ ስለሆነ እየተቀያየሩ ያስሩታል። ጣሪያው የተደረመሰ ዕለት ባትሪው በእውቀቱ ግንባር ላይ ነበር። አብዱልሀሚድ ከወገቡ በታች አፈር ተጭኖት፣ "ብርሃኑን አትውሰድብኝ" አለው። በእውቀቱ ብርሃኑን ይዞ ወጣ። ሰው ጠርቶ ሲመለስ ከውስጥ የሚሰማ ድምፅ አልነበረም።

ለቀስተኛው "ሮጦ ሰው የጠራ" ብሎ አመሰገነው። የአብዱልሀሚድ እናት ኸዲጃ በአፈር የቆሰለ እጁን ይዘው ሳሙት። ብዙ ሳይቆይ አገሩን ለቆ ላሊበላ ገባ።

እዚያ ያገባት ባንችይርጋ የቄስ ገብረ ዮሐንስ ልጅ ናት። የቄስ አማች ቤተ ክርስቲያን አለመግባቱ ለእሳቸው የአደባባይ ውርደት ነበር። ባለፈው ዓመት ጸበል ወሰዱት። ቄሱ ራሳቸው ቀዝቃዛውን ውሃ በጆግ እያፈሰሱ፣ መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ ጭነው፣ እንደ ወጉ ጠየቁ።

"ማን ነህ? ስምህን ተናገር!"

በእውቀቱ ትንፋሽ አጠረው። ዓይኑ ጨለመ። ከአፉ የወጣው አንድ ስም ብቻ ነው።

"አብዱልሀሚድ።"

"እሰይ! ተናገረ!" አለች ጎረቤታቸው አሰለች። "እኔ አላልኩም? ሙስሊም ጂኒ ነው የያዘው!"

"ልቀቀው! አብዱልሀሚድ፣ ውጣ!" እያሉ ቄሱ ውሃውን አከታተሉበት።

በእውቀቱ፣ "ጓደኛዬ ነው፤ ሰው ነው" ሊል ይችል ነበር። ዝም አለ። የተያዘ ሰው ምን አደረግህ ተብሎ አይጠየቅም። "ለቀቅኸው ወይ?" ሲባል ራሱን ነቀነቀ፤ እልልታ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ አብዱልሀሚድ በሰፈሩ የጋኔን ስም ሆነ። ልጅ ሲያስቸግር፣ "አብዱልሀሚድ ሰፈረብህ እንዴ?" ይሉታል። በእውቀቱ ይህን በሰማ ቁጥር ሥራ እንዳለው ሰው የባጃጁን ሞተር ያስነሳል።

ሴት ልጅ ተወለደችለት። ቄሱ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው እንዲህ አሉት፦

"በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። ያን ዕለት አባቷ ውጭ ከቆመ፣ ያ ነገር ተመልሷል ማለት ነው። ማግስቱን ጸበል እንወርዳለን፤ ስሙን ጠርተን ደህና አድርገን እናስወጣዋለን።"

"እሺ አባ" አለ በእውቀቱ። ያን ስም እንደገና በሰው ሁሉ ፊት ሲያባርሩት ቆሞ መስማት ከጨለማው የባሰ ሆኖ ታየው።

ባንችይርጋ ሕፃኗን ልታስከትብ ጤና ጣቢያ ስትሄድ፣ ከደሴ የመጣች የሥነ ልቦና ባለሙያ እንዳለች ሰምታ ተመለሰች።

"ሄደህ ሌሊት ሌሊት የምትጮኸውን ንገራት።"

"እብድ ነኝ?"

"እብድስ እኔ ነኝ፤ ስትጮህ እያደርኩ ጠዋት ቁርስ የማቀርብልህ።"

ባለሙያዋ ሔለን ትባላለች። በእውቀቱ "ሲስተር" ሲላት፣ "ሲስተር አይደለሁም፤ ሔለን በለኝ" አለችው። አላላትም። የመጀመሪያው ቀን በጥያቄ አለቀ፤ እንዴት እንደሚተኛ፣ ይጠጣ እንደሆነ፣ የሚያምነው ሰው እንዳለ ጠየቀችው። ከዚያ የምትሠራበትን መንገድ አስረዳችው።

"ኢኤምዲአር ይባላል። ክፉውን ትዝታ በሐሳብህ ይዘህ ጣቴን በዓይንህ ትከተላለህ።"

"ጣት?"

"ጣት።"

"አስተኝተው ነው የሚያናግሩኝ?"

"ነቅተህ ነው። ማቆም ስትፈልግ እጅህን ታነሳለህ፤ አቆማለሁ። ዝርዝሩን ሁሉ መናገርም የለብህም።"

የመጨረሻው ነገር ልቡን አሳረፈው። "ያስረሳል?"

"አያስረሳም። ትዝታው ይኖራል፤ እንደ አሁኑ ግን አንቆ አይይዝህም። በአንድ ቀን አያልቅም። መጀመሪያ ላይ ሕልም ሊበዛብህ ይችላል፤ ሰውነትህም ይዝላል።"

እሱ የፈለገው የሚያስረሳ ነበር። ቢሆንም ተመልሶ መጣ።

በሁለተኛው ቀን በሐሳቡ የሚያርፍበት ቦታ እንዲመርጥ ጠየቀችው። ሌላው ሰው ቤተ ክርስቲያን ይላል። እሱ የመረጠው ሞተሩ የጠፋ ባጃጁን ነው፤ ሸራው ተጠቅልሎ፣ ፊቱ ወደ ሜዳው ዞሮ። ፍርሃት ሲመጣበትም እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ትከሻዎቹን በየተራ ቀስ እያደረገ እንዲመታ አስተማረችው።

ጣቷን ያነሳችው ከዚያ በኋላ ነው።

"ከሁሉ የሚከፋህ ምስል የቱ ነው?"

"ባትሪው።"

"እሱን ስታይ ስለ ራስህ ምን ትላለህ?"

መልሱን ወለሉን እያየ ተናገረ። "ነውረኛ ነኝ።"

"ከዜሮ እስከ አሥር ቢለካ ምን ያህል ያስጨንቅሃል?"

"አሥር።"

ሁለት ጣቶቿ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ተመላለሱ። ዓይኑ ተከተለ። ቆመች።

"ተንፍስ። ምን መጣ?"

"አፈር። ጥርሴ ውስጥ።"

"እሱን ይዘህ ቀጥል።"

ጣቶቿ ተመላለሱ። "አሁንስ?"

"እግሬ ቀዘቀዘ።"

"ቀጥል።"

አትገሥጽም፤ አይዞህም አትልም። እሱ ከሁለቱ አንዱን ጠብቆ ነበር። እንደገና ስታቆም፣ "ውሃ" አለ። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ አልነበረም። "ጸበሉ ነው" አለና እጁን አነሳ።

ጣቶቿን ወዲያው አወረደች። በእውቀቱ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ።

"ሞቶም አላሳረፍኩት። ስሙን የጋኔን ስም አደረግኩት።" ነጠላውን ከፊቱ ገለጠ። "ጉድጓዱ ውስጥስ ፈርቼ ነው። ጸበሉ ላይ ግን ማን አሳደደኝ?"

ሔለን ውሃ ቀዳችለት። "ፍርሃቱን አብረን እንሠራበታለን፤ ይቀንሳል" አለችው። "ስሙን መመለስ ግን በጣቴ የሚሆን አይደለም። ያንተ ነው።"

ለሳምንታት ተመላለሰ። አንዳንዱን ቀን ከጤና ጣቢያው ወጥቶ ባጃጁ ውስጥ እንደ ቀን ሠራተኛ ደክሞት ይተኛል። ሕልሙ በዛ፤ ከዚያ ረገበ። የጉድጓዱ ቁጥር ወደ ሦስት ወረደ። በ"ነውረኛ ነኝ" ፈንታ የሚያምነውን ቃል ሲፈልግ ቆይቶ፣ "ፈርቼ ነበር፤ ተመልሻለሁ" የሚል አገኘ። የጸበሉ ቀን ቁጥር ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

የክርስትናዋ ዕለት ባጃጁን የተለመደው ቦታ አቆመ። የክርስትና እናቷ አሰለች ሕፃኗን ታቅፋ ቀደመች፤ ባንችይርጋ ተከተለች። በእውቀቱ እጆቹን በነጠላው ሥር አጣምሮ፣ ትከሻዎቹን በየተራ እየመታ ወረደ። የጨለማው መተላለፊያ አፍ ላይ እግሩ ተያዘ። የአፈር ሽታ ጥርሱ ድረስ ደረሰ። ከኋላው የቆመ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። በእውቀቱ ፊቱ ጋለ። "ፈርቼ ነበር፤ ተመልሻለሁ" አለ በልቡ። ግድግዳውን ዳብሶ ገባ። ማዶ የጧፍ ብርሃን ነበር።

ሕፃኗ ውሃው ሲነካት አለቀሰች። እሱ ዓምዱን ተደግፎ፣ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ እስከ መጨረሻው ቆመ።

ወደ ብርሃኑ ሲወጡ አሰለች እልልታዋን አቀለጠችው።

"ለቀቀው! አብዱልሀሚድ ለቀቀው! እኔ አላልኩም?"

ሴቶቹ ተቀበሏት። ቄስ ገብረ ዮሐንስ ፊታቸው በርቶ መስቀላቸውን ዘረጉለት። "እንኳን ደስ አለህ ልጄ!"

ዝም ቢል ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃ ነበር። ዳግመኛ ጸበል የሚወስደው የለም። በእውቀቱ መስቀሉን ተሳለመና ቀና ሳይል ተናገረ።

"አባ፣ አብዱልሀሚድ ጋኔን አይደለም። ጓደኛዬ ነበር።"

እልልታው ተቆረጠ።

"አብረን ኦፓል ስንቆፍር ጉድጓዱ ተደረመሰበት። ብርሃኑን አትውሰድብኝ ብሎ ለመነኝ፤ ይዤበት ወጣሁ። ጸበሉ ላይ ስሙ አመለጠኝ። ሰው ነው ማለት አቅቶኝ ዝም አልኩ።"

"ምነው፣ ያኔ አፍህን ምን ያዘው?" አለች አሰለች።

"ሐፍረት።"

አሰለች ሕፃኗን ለባንችይርጋ ሰጥታ ነጠላዋን ታስተካክል ጀመር። ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው መለሱት።

"ስሙን እየጠራሁ የገሠጽኩት እኔ ነኝ" አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። "የሞተ ሰው... እናት አለችው?"

"አሉ። ኸዲጃ ይባላሉ፤ ወገል ጤና ናቸው።"

"ይህን ሰምታለች?"

"አልሰሙም። እጄን እንደሳሙ ነው የተለየኋቸው።"

ቄሱ ወደ ላይ፣ ወደቆመው ባጃጅ አዩ። "ይህች ነገር ወገል ጤና ትደርሳለች?"

"አትደርስም አባ። ዳገቱን አትችለውም።"

"እንግዲያው በሚደርሰው እንሄዳለን። አንተ ያደረግኸውን ትነግራታለህ፤ እኔም ያልኩትን እነግራታለሁ።"

በእውቀቱ አንገቱን እንደደፋ ራሱን ነቀነቀ።

"በአፍህ በለው" አሉት ቄሱ።

"እሺ አባ። እነግራቸዋለሁ።"