ከደሴ ይዛው የወረደችው ብርድ

ከምተርከው ውስጥ የተዛነፈ ነገር መኖሩ አይቀርም። ዓመቱን እርግጠኛ አይደለሁም፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ልጨርስ የተቃረብኩበት ይመስለኛል፤ ምናልባትም አንድ ዓመት ቀደም ይላል። ከሰዎቹ አፍ ወጡ የምላቸው ቃላትም በውስጤ ብዙ ስለተመላለሱ ጠርዛቸው ሳይለሰልስ አልቀረም። የማልጠራጠረው አንድ ስሜት ብቻ ነው፤ የቅዝቃዜ። ባለፈው ሳምንት ደሴ ውስጥ ለታይሮይድ ምርመራ ደም ስሰጥ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ አልኮል የነካ ጥጥ ክንዴ ላይ ስታሳርፍ፣ የእናቴ እጅ የዳሰሰኝ መሰለኝ።

እጇ በዚያ ዘመን እንዲያ ነበር፤ ቀዝቃዛና ደረቅ። ከዚያ በፊት ግን እናቴ ሳቂታና ተረበኛ ነበረች። አባቴ እዚያው ደሴ ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነበር። ማታ ሲመለስ ገና በሩን ሳያልፍ፣ «ዛሬም የሰው ሱሪ ስታሳጥር ዋልክ፣ የራስህ መሬት እየጠረገ!» ትለው ነበር። እሱም ይስቃል።

መቼ እንደሆነ ሳናውቅ ተረቡ ቀረ። ድምፅዋ ጎረነነ፣ ፊቷ አበጥ አለ፣ ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ ይቀር ጀመር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ መደቡ ላይ ስታርፍ፣ እሷም እዚያው ብርሃን ውስጥ ተኮራምታ ታንቀላፋለች።

«ምን አድርጌሽ ነው የምታኮርፊኝ?» ይላታል አባቴ።

ዝም ትላለች። እሱ ጫማውን አውልቆ፣ ታጥቦ፣ ፊቱን ሲያደርቅ፣ «አላኮረፍኩም» የሚለው ቃል ከጥግ ይመጣል። መልሱ ከመዘግየቱ የተነሳ ኩርፊያው ራሱ የተናገረ ይመስል ነበር።

አንገቷ ላይ እንቅርት ስላልነበረ በሽታ ነው ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። በእኛ ሰፈር በባልና ሚስት መካከል ዝምታ ሲበዛ የሚጠራው ሽማግሌ እንጂ ሐኪም አይደለም። ሽማግሌዎቹም መጡ። በዱዓ ተጀመረ። ትልቁ ሽማግሌ ስለ ትዳር ሐቅ ረጋ ባለ ድምፅ ብዙ ተናገሩ፤ በመጨረሻም፣ «እህስ ልጄ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት።

እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ተኝታ ነበር። ታንኮራፋ ነበር ብል ማጋነን ይሆናል፤ ትንፋሿ ግን በሩ ዘንድ ለነበርኩት ለእኔ ይሰማ ነበር።

«ሱብሃነላህ!» አሉ ሌላው ሽማግሌ። «እኛ ለትዳሯ እንለፋለን፣ እሷ ለጥ ብላለች!»

አባቴ አንገቱን ደፋ። እንደዚያ ቀን ተዋርዶ አይቼው አላውቅም።

መለያየት የሚል ቃል ከማንም አልወጣም። «የደሴ ብርድ አልተስማማትም፤ ለጊዜው ኮምቦልቻ እህቷ ዘንድ ትውረድ፤ ሙቀቱ ያፍታታት ይሆናል» ተባለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ፍቺው በሽማግሌ ተላከባት። ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች ብለውናል። መስማማቷ ይሁን ማንቀላፋቷ የጠየቃት የለም። አባቴም ከሐርቡ ሌላ ሴት አገባ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጠይቃት እወርድ ነበር። ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት ሲጨርስ፣ ሙቀቱ ከናፍጣና ከአቧራ ሽታ ጋር ፊት ላይ ይለጠፋል። አክስቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ ከሥራ ስትመለስ የጥጥ ብናኝ ቅንድቧ ላይ ይቀራል። አንድ ቀን ከፈረቃዋ ገብታ እናቴን አየቻት። ቆርቆሮው በፀሐይ ግሎ ይንጣጣል፤ እናቴ ከሥሩ ሁለት ጋቢ ደርባ ተቀምጣለች።

«ወላሂ፣ እዚህ ሰው ቆዳውን ገፎ ቢሰቅል በወደደ፣ አንቺ ጋቢ ትደርቢያለሽ!» አለቻት። ከዚያ ግን ፈገግታዋ ጠፋ። «እህቴ፣ ይሄ የደሴ ብርድ አይደለም። የደሴ ቢሆን ሐረጎ ላይ ይቀር ነበር።»

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ወጣቷ ሐኪም የእናቴን ቁርጭምጭሚት ከኋላ በትንሽ መዶሻ ስትመታ፣ እግሯ ተንቀሳቅሶ ወደ ቦታው የተመለሰው በዝግታ ነበር። እግሯም እንደ አንደበቷ መልስ ለመስጠት የሚያመነታ መሰለኝ። ወይም አክስቴ እንዲህ ብላ የነገረችኝን እንዳየሁት አድርጌ ይዤው ይሆናል።

ደሟ አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ ቲ.ኤስ.ኤች የሚባለው ቁጥር እጅግ ከፍ ያለ ነበር። አክስቴ ደስ አላት፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ተርፏታል እንጂ አልጎደላትም!»

«አይደለም እናቴ» አለቻት ሐኪሟ። «ይህ ቁጥር ጭንቅላት ውስጥ ያለችው ዕጢ የምትልከው ትእዛዝ ነው። የአንገቷ ዕጢ፣ ታይሮይድ የምትባለው፣ ሥራ ስታቆም ትእዛዙ እየበረታ ይሄዳል። ሠራተኛ ሲያንቀላፋ አለቃው ድምፁን ከፍ ያደርግ የለ?»

«እሱንማ ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል! የእኛ ፈረቃ አለቃ ቲ.ኤስ.ኤች ነው በይኛ!»

መድኃኒቱ ትንሽ ነጭ ኪኒን ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ይዋጣል፤ ከዚያ ሻይም ሆነ ቁርስ ለመቅመስ አንድ ሰዓት ያህል መታገሥ ያስፈልጋል። ከሳምንታት በኋላ ደሙ እንደገና ታይቶ መጠኑ ይስተካከላል። «ሲሻላት እንዳትተወው፤ የዕድሜ ልክ ነው» ብላ ሐኪሟ አስጠነቀቀች።

እናቴ የተመለሰችልን ቀስ በቀስ ነው። አንድ ቅዳሜ ስደርስ ጋቢዎቹ ታጥበው ግቢው ሽቦ ላይ ተሰጥተዋል፤ እሷ ክንዷን ገልጣ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ገና ሰላም ሳልላት፣ «አንተ ልጅ፣ ደሴ መቀስ ጠፋ? ይህን ፀጉር ልትሸጠው ነው የምታሳድገው?» አለችኝ። ስቄ ሳልጨርስ እንባዬ መጣ።

ማታውኑ ለአባቴ ሱቁ ሄጄ ነገርኩት። የስፌት መኪናው ቆመ።

«ታዲያ አላኮረፈችም ነበራ?»

«ታማ ነው፣ አባባ።»

ጨርቅ የሌለበትን መኪና በእጁ እያዞረ ብዙ ቆየ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አብሮኝ ወረደ። የአክስቴ ግቢ ውስጥ ኮፍያውን አውልቆ ቆመና፣ «አፉ በይኝ» አላት።

«አፉ ብዬሃለሁ። አላህም አፉ ይበልህ» አለችው፤ ቃሉ ከአፉ ሳይወድቅ።

«እንግዲያ ተነሽ እንሂድ። ቤትሽ ነው።»

«ሚስትህ ነፍሰ ጡር ናት አሉኝ?»

አሁን ዝም ያለው እሱ ነበር።

«እንግዲያስ እሷን በእኔ ምክንያት ብርድ ላይ አታውጣት» አለችው።

በዚያው ኮምቦልቻ ቀረች። መድኃኒቷ እዚያ ፋርማሲዎች ዘንድ አንዳንዴ ይጠፋ ነበር። አባቴ ደሴ ውስጥ ፈልጎ እየገዛ በእኔ እጅ ለአክስቴ ይልካል። «አክስትህ ‹ከፋብሪካው ክሊኒክ ነው› ትበላት» ይለኛል፤ አክስቴም እንዲያው ትላት ነበር። እሱ እስኪያርፍ ድረስ እንዲህ ቀጠለ፤ ከዚያ በኋላ መግዛቱ የእኔ ሆነ። እናቴም ከዓመታት በኋላ ተከተለችው። እኔን ግን መድኃኒቱን የሚልክላት እሱ መሆኑን ያን ሁሉ ዘመን አታውቅም ነበር የሚለው ሐሳብ ሲከነክነኝ ኖረ።

ሰሞኑን ደሜን ሰጥቼ ውጤቱን እስክቀበል ኮምቦልቻ ወርጄ አክስቴን ጠየቅኋት። ጡረታ ወጥታለች፤ ጆሮዋም ከብዷል፤ ሁለት ጊዜ ደገምኩላት።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ ታውቅ ነበር እንጂ» አለችኝ። «የእኛ ክሊኒክ ከራስ ምታት ኪኒን በቀር ምን ነበረውና! ጠዋት ከዋጠችው በኋላ ቁርስ እስኪፈቀድላት ስትጠብቅ፣ የአባትህን ስም እየጠራች ዱዓ ታደርግለት ነበር።»

አክስቴም እንደ እኔ ልትሳሳት ትችላለች ብዬ፣ በአንድ ግድግዳ የምትዋሰናቸውን ጎረቤት ለብቻዋ ጠየቅኋት። እሷም ያን ዱዓ ጠዋት ጠዋት ትሰማ ነበር።