ለክር የሚበቃ ሣጥን

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ሜትር» ይላታል። ሜትሩ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም፤ ገበያ ስትወጣም፣ ሰው ልትጠይቅ ስትሄድም ተንጠልጥሎ ይታያል። ሰው ገና በር ላይ ቆሞ ሰላም ሲላት ትከሻውን በዐይኗ ለክታ ጨርሳለች። ወገባቸውን ቀንሰው የሚነግሯትን ደንበኞች «አካል አይዋሽም እህቴ፣ የሚዋሸው ምላስ ነው» እያለች ታስቃቸዋለች። ሃምሳ ሊሞላት ሁለት ዓመት ቀርቷታል። ትዳር አልያዘችም፤ ከታላቅ ወንድሟ ጋር ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ይኖራሉ። በአንደኛው ትሰፋለች፣ እዚያው ትተኛለች። ሁለተኛው የወንድሟ ነው፤ የወንድሟና የእባቡ።

እባቡ ወደ ቤቱ የገባው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ወንድሟ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ጥበቃ ነበር። አንድ ተመራማሪ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ከእንቁላል የተፈለፈሉ እባቦች ትቶ ሄደ። ሌሎቹን ባልደረቦቹ ወሰዷቸው፤ አንድ ቀጭን፣ ቡናማ፣ መርዝ የሌለው ቀረ። የሚፈልገው ሲጠፋ ጥበቃው በኮቱ ኪስ ይዞት መጣ።

«ወይ እሱ ወይ እኔ!» አለች እህቱ ወንበር ላይ ወጥታ።

«እታለም፣ ይቺን ክር የምታህል ነገር ትፈሪያለሽ?» አላት እየሳቀ።

ስሙ በዚያው «ክር» ሆኖ ቀረ። ሰማንያ ሳንቲሜትር የሚሆን የመስታወት ሣጥን ተገዝቶ ከአልጋው ራስጌ ተቀመጠለት። እሷም እያደር ለመደችው፤ መልመድ ከተባለ። የሚበላቸው አይጦች በሦስት ፌስታል ተጠቅልለው ማቀዝቀዣው ውስጥ ሲቀመጡ ዐይኗን ጨፍና ታልፋለች። ወንድሟ እጁ ላይ ጠምጥሞት ሲወጣ በሯን ትዘጋለች። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልነካችውም።

አንድ ጠዋት ወንድሟ የጫማውን ማሰሪያ ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ወደ ጎን ወደቀ። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሏት። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፤ ምላሱም ተያዘ። ሐኪም ቤት ተኛ፤ ሳምንት ሳምንትን ወለደ።

ቤት ውስጥ እሷና ክር ብቻ ቀሩ።

ወንድሟ ሲያደርግ እንዳየችው በረጅም መቆንጠጫ ምግቡን ትሰጠው ጀመር። ክር ግን አልበላም አለ። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት። በዚያ ላይ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ተክሎ ከጥግ ጥግ ይመላለሳል፤ ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ተመልሶ ይሄዳል። ቀረብ ብላ ስታይ የአፍንጫው ቅርፊት ተፍቆ ሥጋው ወጥቷል። የወንድሟ አደራ በእጇ ላይ ሊሞት ነው።

ሣጥኑን በጨርቅ ሸፍና፣ ታክሲ ይዛ፣ ወደ እንስሳት ሐኪም ሄደች። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ክርን አውጥታ አገላብጣ አየችው።

«ቁመቱ ስንት ነው?»

«አልለካሁትም።»

ሐኪሟ ቀና አለች። «እናቴ፣ አንገትዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

እትዬ ሜትርን እፍረት ሽምቅቅ አደረጋት።

«እባቡ አድጓል፤ ሣጥኑ ግን አላደገም» አለች ሐኪሟ ቁስሉን እያጸዳች። «ትንሽ ሳለ ልኩ ነበር። ያኔ በጣም ሰፊ ቢያደርጉለት ይፈራ ነበር። አሁን ግን ርዝመቱ ቢያንስ የራሱን ቁመት ያህል፣ ወርዱም የዚያን ግማሽ ይሁን። አንዱ ጫፍ ሞቅ ያለ፣ ሌላው ቀዝቀዝ ያለ፤ በሁለቱም በኩል መደበቂያ ያስፈልገዋል። ሰው ‹እባብ ይጠቀለል የለ፣ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል› ይላል። እኛስ ተኮራምተን እንተኛ የለ? ተኮራምተን ግን አንውልም።»

እቤት ተመልሳ የሣጥኑን ጨርቅ ስትገልጥ ክር ተጣጥፎ ተኝቶ ነበር። የወንድሟን ጓንት አጠለቀች፤ ጓንቱ ጣቷን አላላውስ ሲላት አወለቀችው። ከራሱ ጀምራ ነጭ የስፌት ክር በጀርባው ላይ እየዘረጋች፣ እጥፋቱን እየተከተለች እስከ ጅራቱ አደረሰች። ጣቷ ነካው። የሚያሙለጨልጭ ይመስላት ነበር፤ ደረቅና ቀዝቃዛ ሆኖ አገኘችው። የስፌት ክሩን አንስታ ሜትሩ ላይ አኖረችው፤ አንድ ሜትር ከስልሳ ሁለት።

ከዚያ ክፍሉን ለካች። በአንዱ ግድግዳ ቁም ሣጥን አለ። በመስኮቱ ሥር እንዳይሆን ፀሐዩ መስታወቱን አግሎ እንስሳውን ይፈጀዋል። በበሩ በኩል አይበቃም። ሜትሯን ዘርግታ ስታበቃ የቀረው ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ አልጋው ያለበት። አንሶላው ያን ጠዋት እንደተነሣበት ነው፤ አላነጠፈችውም።

«አልጋውን አውጥቼ ምን ልሁን?» አለች ብቻዋን። «አይመለስም ማለቴ እኮ ነው።»

አናጢው ጎረቤቷ መጥቶ ነገሩን ሰማ። «ምን ያስጨንቅዎታል እትዬ? አንድ ሜትር ይበቃዋል። እባብ አይደል፣ ይጠቀለላል! ቁመቱን ያህል ቤት ከተሠራለት እኔም ከነገ ጀምሮ በደረቴ ልሳብ።»

ልኩ እንዳልሆነ ታውቃለች። ግን «እሺ፣ እንዳልክ» አለችው። ባለ አንድ ሜትሩ ሣጥን በአልጋውና በበሩ መካከል ገባ፤ አልጋውም ባለበት ቀረ።

ሦስት ቀን ደህና መሰለ። በአራተኛው ክር ጥግ ለጥግ መመላለሱን ቀጠለ። በሳምንቱ አፍንጫው አብጦ አፉ በደንብ አልገጥም አለ።

«ቁስሉ አመርቅዟል» አለች ሐኪሟ መርፌ እየወጋችው። «አዲሱ ሣጥን ስንት ነው?»

«አንድ ሜትር።»

«ቦታ የለም?»

«አለ... ሰው አለበት።»

«ማን?»

«አሁን የለም። ሐኪም ቤት ነው።»

ሐኪሟ መድኃኒቱን ጽፋ ሰጠቻት፤ በር ድረስም ሸኘቻት።

ክርን እቤት መልሳ ወንድሟ ዘንድ ሄደች። በሄደች ቁጥር ከተያዘ ምላሱ መጀመሪያ የሚወጣው ቃል «ክር?» የሚል ነበር፤ እሷም ሁልጊዜ «ደህና ነው፣ ይበላል» ትለው ነበር። ያን ቀን መዋሸት አቃታት።

«አልበላም፣ ጋሼ። ቆስሏል። ሣጥኑ ጠብቦት ነው። የጠበበውንም እኔ ነኝ ያሠራሁት፤ ልኩን እያወቅሁ።»

ወንድሟ ግራ እጁን አነሣ። «አል... ጋ» አለ።

«የምን አልጋ?»

«አው... ጪው።»

«እንዲህ አትበል! የት ልትተኛ ነው?»

የተኛበትን የሐኪም ቤት ፍራሽ በግራ እጁ መታ መታ አደረገ። «እ... ዚህ... አለሁ።»

እስክሻል እዚህ ነኝ ማለቱ ይሁን፣ ከዚህ አልነሣም ማለቱ ይሁን አላወቀችም። ንዴት እንደ እሳት ነደደባት። «አንተ ለእባብ ትጨነቃለህ! እኔስ? እኔን ማን አለኝ?» ብላ ደህና ዋል ሳትል ወጣች። ደረጃው ላይ ስትደርስ ተቀመጠችና እንደ ሕፃን አለቀሰች። ቦርሳዋን ረስታ ኖሮ ስትመለስ ወንድሟ ዐይኑን ጨፍኗል። ይተኛ ወይ ያስመስል አልለየችም። ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ አስተካክላለት ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት አናጢውን ጠራችው። የአልጋውን ብሎኖች እሱ ሲፈታ እሷ አንሶላውን አጠፈች። እንጨቶቹን ከደጅ ከጣሪያው ሥር አስደግፈው በላስቲክ ሸፈኗቸው።

«አንድ ከስልሳ ሁለት በሰማንያ አንድ» አለችው። «ትንሽ ጨምር እንጂ አንድ ሳንቲሜትር እንዳትቀንስ።»

አዲሱ ሣጥን ከእንጨት ተሠራ፤ ፊቱ መስታወት፣ ክዳኑ ሽቦ። አምፖሉን ከበላይ በአንድ ጫፍ አሰቀለች፤ እባቡ እንዳይደርስበት። በሁለቱም ጫፍ እንደ ዋሻ ያለ የሸክላ ስብርባሪ ደፋች። ክር ሲገባ ወደ አንዱ ዋሻ ጠፋ፤ ሳምንት ሙሉ አልወጣም። ሞተ ብላ ስንት ጊዜ በባትሪ አየችው! በስምንተኛው ቀን ሱሪ ለማሳጠር የመጣች ደንበኛ እየጠበቀቻት፣ ጨርቅ ልታነሣ ወደ ወንድሟ ክፍል ስትገባ፣ ከኋላው ግድግዳ ሥር ተዘርግቶ አገኘችው። ሙሉ ቁመቱን፣ ቀጥ ብሎ። ደንበኛዋ ሁለት ጊዜ እስክትጣራ ቆማ አየችው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን በላ። ቀጥሎ ቆዳውን ሲገፍፍ የአፍንጫው ቁስል ጠባሳ ብቻ ትቶ ሄደ።

ወንድሟ ከሁለት ወር በኋላ ከሐኪም ቤት ወጣ፤ የወጣው ግን ያ የገባው ሰው አይደለም። ጎኑን የሚያገላብጠው፣ ውኃ የሚያቀምሰው ሰው ካጠገቡ መጥፋት የለበትም። ስለዚህ አልጋው ተመልሶ የተገጠመው በእሷ ክፍል፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ በነበረበት ነው። ያን ሁሉ ያለቀሰችለት ክፍል ለብቻው ለሚተኛ ሰው እንጂ ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ቀድሞም አይሆንም ነበር። ይህን ያኔ ማን ይንገራት? አሁን ጨርቅ የምትቆርጠው ወለል ላይ ተንበርክካ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል።

ከሰዓት በኋላ ባለ ጎማ ወንበር ላይ አድርጋ ክር ዘንድ ትወስደዋለች። አንድ ቀን በግራ እጁ ሊይዘው ሞከረ፤ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ክርም ደንግጦ ሸሸ። ወንድሟ ሁለተኛ አልሞከረም። አንዳንዴ እባቡ ከዋሻው ሳይወጣ ይውላል። ሁለቱም ይጠብቃሉ፤ እሷ ቅምቅማት በእጇ እየሰፋች፣ እሱ ዐይኑን ከመስታወቱ ሳይነቅል። የወንድሟ ራስ ወደ ትከሻው ማዘንበል ሲጀምር ስፌቷን አስቀምጣ ትነሣና ወንበሩን ወደ አልጋው ትመልሰዋለች።